በቁመቱ ልክ

«ተረከዝህን አስጠጋ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

መድኃኔ ተረከዙን ከበሩ መቃን አስጠጋ። ጀርባውን ግን ማስጠጋት አልቻለም፤ በትከሻውና በመቃኑ መካከል መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። እናቱ በርጩማ ላይ ወጡና ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰም ያጠጡትን ረጅም ጧፍ ከአናቱ በላይ ይዘው ወደ ታች ለቀቁት። ጧፉ ወለሉ ላይ ደርሶ ተጣጠፈ። ጫፉ ወለሉን ነክቶ ቀጥ እስኪል ወደ ላይ ሳቡት። ከዚያ ከራሱ በላይ በተረፈው ላይ ጣታቸውን ደረደሩ። አራት ጣት። እጃቸውን አንሥተው እንደገና ደረደሩ። አሁንም አራት ጣት ነው። ከበርጩማው ወረዱ።

የጧፉ ክር የተለካው በመድኃኔ ገላ ላይ አልነበረም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥር 1970፣ ልጃቸው በተወሰደ በሳምንቱ፣ ወይዘሮ አስካለ የፈተሉትን ጥጥ ገምደው የለኩት በዚሁ መቃን ላይ ካለው የእርሳስ ምልክት ነው። ምልክቱን ያደረገው መድኃኔ ራሱ ነበር፣ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ የገባ ዕለት፤ ከጎኑም «አንድ ሜትር ከዘጠና አራት» ብሎ ጽፎበታል። በሰፈሩ ለታመመም፣ ለጠፋም፣ ለታሰረም ሰው በቁመቱ ልክ ጧፍ መሳል የተለመደ ነው። የወይዘሮ አስካለ ስእለት ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ልጄን ብትመልስልኝ በዓመት በዓልህ፣ ታቦትህ በወጣበት ሰዓት፣ በገዛ እጁ ያበራልሃል ብለው ነው ለጊዮርጊስ የተሳሉት። ክሩ ዳዊታቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ኖረ። መድኃኔ የተፈታው ባለፈው ሰኔ ነው፤ ያኔ የዓመቱ በዓል አልፎ ነበር። ዛሬ ሚያዝያ 23 ቀን 1972 ዓመተ ምሕረት፣ ከተፈታ የመጀመሪያው የጊዮርጊስ ክብረ በዓል ነው። የዓለም ሠራተኞች ቀንም ዛሬ ነው። ሁለቱ በዓላት በየዓመቱ በአንድ ቀን ይውላሉ።

«ቁረጪው» አለ መድኃኔ።

«ምኑን?»

«የተረፈውን።»

ወይዘሮ አስካለ ጧፉን ክንዳቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። «እኔ የተሳልኩት በዚያኛው ቁመት ነው» አሉ። «ጊዮርጊስን አላጭበረብርም።»

 ከጎረቤት ሬዲዮ የሰልፍ ዜማ ይሰማል። ሁለት ክፍል ያላት ቤታቸው ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ ግድግዳዋ በእርጥበት የተላላጠ፣ ሰም ሰም የምትሸት ናት። ጠረጴዛው ላይ ትናንት ሰም ያቀለጡበት የጣሳ ክዳን አሁንም እንዳለ ነው። የአንድ ኪሎ ሰም ዋጋ በእጥፍ ጨምሯል ብለው ትናንት ሦስቴ ተናግረዋል። መድኃኔ ካኪ ሱሪውን ታጥቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጀርባውን ከመስኮቱ ብርሃን አሸሸ። ካናቴራውን ከፊት ትንሽ ገለጥ አድርጎ ጧፉን በባዶ ገላው ላይ፣ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ላይ ዙሪያውን ጠመጠመው። ሰሙ ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። ቆዳው ስለማይሰማው፣ ቀዝቃዛ መሆኑን ያወቀው ሆዱ ሲሸማቀቅ ስላየ ነው።

«ሰልፍ ላይ ስም የሚጠሩት ሁለት ጊዜ ነው» አለ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ። «ስንነሣም፣ ስንመለስም።»

«ታቦቱ ከስድስት ሰዓት በፊት ይገባል» አሉ እናቱ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የጊዮርጊስን ዳገት ከወጡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። «በገዛ እጁ ነው ያልኩት፤ ሰው አልልክም።»

መሥሪያ ቤቱ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። መድኃኔ ሲደርስ ሠራተኛው በካኪ ለብሶ በአራት በአራት መሰለፍ ጀምሯል። ስም የሚጠራው የውይይት ክበቡ ኃላፊ ጓድ ገብሬ ነው፤ ሙሉ ስሙ ገብረክርስቶስ ሲሆን ከአብዮቱ ወዲህ ክርስቶስን ቆርጦ ጥሎታል። ክፉ ሰው አይባልም። ጉንፋን የማይለቀው፣ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ከሁለተኛው ጥሪ የቀሩ ሁለት ጸሐፊዎች በወሩ ከሥራ መውጣታቸውን ግን ሁሉም ያስታውሳል። መድኃኔ ደግሞ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። ወር በገባ ቁጥር ቀበሌ ሄዶ መኖሩን በፊርማው የሚያረጋግጥ የተፈታ ሰው ነው። እሱ ቢቀር ጥያቄው ከሥራ ጥያቄ ያልፋል።

«መድኃኔ!»

«አለሁ።»

ጓድ ገብሬ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየው። «ሥዕሉን አንተ ያዝ፤ ረጅም ሰው ነው የሚያምርበት።» ሁለት ሰዎች የአንድ ጢማም ፈላስፋ ሥዕል የተለጠፈበትን ሰሌዳ ከነዘንጉ አመጡለት። የዘንጉ እግር ወገብ ላይ የሚታሰር የቆዳ ኪስ አለው። ቆዳው ጧፉ ላይ አረፈና ተጫነው። «ቀና በል እንጂ!» አለ ጓድ ገብሬ፤ «ስፖርተኛ አልነበርክ እንዴ?» ሠራተኛው ሳቀ። መድኃኔም ፈገግ አለ፤ ቀና ግን አላለም።

ከዚያ ቆሙ። የሰልፉ ራስ ወደ አብዮት አደባባይ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ቸርችል ጎዳና ከላይ እስከ ታች በካኪ ሞልቶ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ቆመ። ፀሐዩ በረታ። ከሱቆቹ መስተዋት ላይ ብርሃኑ እየተመለሰ ዓይን ይወጋል። ከኋላ፣ ከዳገቱ አናት፣ የጊዮርጊስ ደወል ተደወለ። ማንም ዞር አላለም። አንዲት የሒሳብ ክፍል ሴት ብቻ ግንባሯን የምታክ መስላ በአውራ ጣቷ ትንሽ መስቀል ሠራችበት። መድኃኔ አያት። እሱ እንደዚያ ማድረግ አይችልም። ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ሁለት እጁን ከኋላው አስረው ከሰቀሉት ቀን ጀምሮ ነው። ግንባሩ ላይ የማይደርስ እጅ አያማትብም። ማማተቡ ቀረ፤ ከማማተቡ ጋር ጸሎቱ ቀረ። ሲቀር እንዳልተናደደ፣ እንዳላዘነም ያስታውሳል። ቤት ውስጥ አንድ አምፖል ሲቃጠል ሰው በሌላኛው ክፍል ብርሃን እንደሚኖረው ኖረ።

«ዲያቆን!»

ድምፁን ያወቀው ከመዞሩ በፊት ነው። ከኋላቸው የቆመው የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ሰልፍ ነው፤ ከፊተኛው ረድፍ አብዱልሃኪም፣ ፒያሳ ሰዓት የሚሠራው አጭሩ አብዱ፣ በካኪው እጅጌ ውስጥ እጁ ጠፍቶ ቆሟል። ለዘጠኝ ዓመት በአንድ ቡድን ተጫውተዋል። አብዱ ኳስ አቀባይ ነበር፤ መድኃኔ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ የሚቀበል።

«ቅዳሴ ጥለህ ይህን ጢማም አዝለህ የት ነው?» አለ አብዱ ረድፉን ጥሶ እየተጠጋ። «ለመሆኑ በአገራቸው ምላጭ የለም?»

«ቀስ በል።»

«ምን ቀስ አለኝ! ጢም ያለው እኮ የኔ አባትም ነበሩ፤ ማንም አልተሸከማቸውም።» ከዚያ ዓይኑ የመድኃኔ ወገብ ላይ አረፈ። «ምንድን ነው ያበጠው?»

መድኃኔ ነገረው። ክሩን፣ የእርሳሱን ምልክት፣ ታቦቱ የሚገባበትን ሰዓት፣ ሁለተኛውን ጥሪ። አራቱን ጣት አልነገረውም። አብዱ እያዳመጠ የእጅ ሰዓቱን ያጠናል። ዲያቆን የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው። መድኃኔ ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም ኳሷን በግራ ክንዱ አቅፎ፣ ከሜዳው ማዶ ወደሚታየው የጊዮርጊስ ጉልላት ዞሮ፣ ሦስት ጊዜ ሳያማትብ አይወረውርም ነበር። ተመልካቹ «እግዚኦ በሉ!» እያለ ይጮኻል፤ «ቁርባኑ አልደረሰም ወይ?» ይላል አንዱ ከአጥር ላይ። በ1966 ዋንጫ ጨዋታ፣ በአንድ ነጥብ ተመርተው፣ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር፣ ቆሞ ሦስተኛውን ሲያማትብ ዳኛው ጊዜ አሳለፍክ ብሎ ፊሽካ ነፋ። ኳሷ ተወሰደች። አሠልጣኙ ወር ሙሉ አላናገረውም። አብዱ ብቻ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ፣ «የአንተ ጌታ ሰዓት የለውም፤ ዳኛው ግን አለው። ግድ የለም፣ እኔ እሠራልሃለሁ» አለው። በሚቀጥለው ዓመት መስመሩ ዳር ቆሞ በጣቶቹ ሰከንድ ይቆጥርለት ጀመር። መድኃኔ ማማተቡን አልተወም፤ ማፍጠኑን ለመደ።

መድኃኔና የቡድኑ ልጆች የተወሰዱት አርብ ቀን ነው። ልምምድ ላይ ነበሩ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ተባለ፤ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሜዳው ላይ የነበሩት አራት ነበሩ። አምስተኛው አብዱ ጁምዓ ሊሰግድ አንዋር መስጊድ ሄዶ ነበር። ከአራቱ የተመለሰው መድኃኔ ብቻ ነው። ከተፈታ ወዲህ እሱና አብዱ ብዙ ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ሰዓት፣ እግር ኳስ፣ የስኳር ወረፋ አውርተዋል። ስለዚያ አርብ አላወሩም።

«አራት ሰዓት ከሩብ ነው» አለ አብዱ። «ዘንጉን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልይዝልህ ነዋ። ስትጠራም አለሁ እልልሃለሁ። ከዚህ ሁሉ ካኪ ማን ማንን ይለያል?»

«እኔን ይለያሉ። አብዱ፣ አንተ እኮ እስከ ደረቴ ነህ።»

«ሥዕሉ እንጂ ሰውየው አይታይም።» እጁ ዘንጉ ላይ አርፏል። መድኃኔ አለቀቀም። አብዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን አርብ ባይሆን ኖሮ እኔም ሜዳው ላይ ነበርኩ። ስጠኝ እንግዲህ።»

መድኃኔ ሊፈራ ሞከረ። ፍርሃቱ የት እንደተቀመጠ ፈልጎ አጣው። እምነትም ፈለገ፤ እሱም የለም። ያገኘው ወገቡ ላይ ያለውን ነገር ብቻ ነው። በፀሐዩና በቆዳው ግፊት ሰሙ ለስልሶ ከገላው ጋር ተጣብቋል፣ እናቱ የገመዱት ክር በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይስበዋል። ይህን ይዞ አደባባይ መሄድ እንደማይችል አወቀ፤ ለምን እንደማይችል ግን አላወቀም። የቆዳውን ኪስ ፈትቶ አብዱ ወገብ ላይ አሰረለት። ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሁሉም ወደ ቁልቁለቱ ተገፋ፤ እሱ ብቻ በሱቆቹ ግድግዳ ሥር ወደ ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ። ጢማሙ ሥዕል ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ሰካራም መስሎ እየተወዛወዘ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል።

ጊዮርጊስ ግቢ የነበረው ሕዝብ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። አሮጊቶች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ጡረተኞች። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ላይ ነው፤ ከበሮው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ይሰማል። መድኃኔ አጥሩ ጥግ ሄዶ ጧፉን ከገላው ፈታው። ሲለያይ ድምፅ አለው፤ ሰሙ በየቦታው እየተላጠ ቆዳው ላይ ቀረ። ጧፉ የወገቡን ክብ ይዞ ጠመዝማዛ ሆኗል። በዙሪያው ያሉት ጧፋቸውን አጥፈው አጣጥፈው ይዘዋል፤ የስእለት ጧፍ የሚበራው እንደዚያ ነው። እሱ ግን የሸራ ጫማዎቹን ማሰሪያ ፈትቶ፣ ጧፉን ከአንዱ የአጥር ብረት ጋር ከታችና ከመሃል አሰረው። ማሰሪያ የሌለው ጫማው እግሩ ላይ ላላ። የላይኛው ጫፍ ከራሱ በላይ ጎብጦ ተንጠለጠለ። ክብሪት ለኮሰ። እጁ ትከሻው ጋ ደርሶ ቆመ። ክብሪቱ ጣቱን ነክቶ ጠፋ። ሌላ ለኮሰ።

ነጭ ነጠላ ያጣፉ፣ የእናቱ እኩያ የሚሆኑ ሴት ጧፋቸውን ይዘው ያዩታል። «ምነው ልጄ» አሉ፤ «ይህን የሚያህል ቁመት ይዘህ እጅህ አልደርስ አለህ?»

«ታሞ ነው፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ምን ታሞ አላሉም። በዚያ ዘመን አይጠየቅም። የአጥሩ መሠረት ላይ ወጥተው የጎበጠውን ጫፍ በጣታቸው አቃኑት። «እፍ እፍ እንዳትልበት» አሉ።

«በገዛ እጄ ነው መብራት ያለበት፤ እናቴ እንዲያ ብላ ነው የተሳለችው።»

«እንግዲያው ያዝ።» የሚነደውን የራሳቸውን ጧፍ አስያዙት። ከዚያ ክርኑን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ ላይ ገፉት። ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። እጁ ሄደ፣ ሄደ፣ ጫፉ ጋ ደረሰ። ተያያዘ። ሴትዮዋ ጧፋቸውን ተቀብለው ወረዱና ታቦቱን ሊከተሉ ሄዱ።

መድኃኔ ጧፉ አጠገብ ቆመ። ታቦቱ በፊቱ አለፈ፤ ሰው ሁሉ ሰገደ፣ እልል ተባለ፣ እሱም ራሱን ዝቅ አደረገ። ልቡ ውስጥ የተነሣ ነገር የለም። ቀና ሲል ነበልባሉ ከራሱ በላይ አለ። ሰሙ በብረቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ነበልባሉ ጣት በጣት ወረደ። ከቁልቁለቱ በድምፅ ማጉያ መፈክር ይሰማል፣ ሺህ ሰው ይመልሳል። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ስሙ አሁን ይጠራ ይሆናል። ሦስት። ዓይኑን ወደ ጎን መልሶ ሲያይ ነበልባሉ ከአናቱ ጋር እኩል ሆኗል፤ ሙቀቱ ጠጉሩን ነካው። ያኔ ቀኝ እጁን እስከሚችልበት አነሣና፣ ግንባሩን ወደ እጁ አወረደ። በስም አብ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጊዜ አሳለፍክ ያለው የለም። ጧፉ ከእሱ ማነስ ጀምሮ እስከ ትከሻው ሲደርስ ከግቢው ወጣ።

ቤት ሲገባ አብዱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል። ወይዘሮ አስካለ አልተነሡም። «በገዛ እጅህ?» አሉ።

«በገዛ እጄ።»

«ታቦቱ ሳይገባ?»

«ሳይገባ።»

«ልክ ሆነ?»

መድኃኔ መቃኑን አየ። «ልክ ሆነ» አለ።

አብዱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሁለተኛውን ጥሪ አደባባዩ ጫፍ ላይ ነው የጠሩት» አለ። «አለሁ አልኩ። ያ ጉንፋናሙ ሥዕሉን ከሩቅ አየና፣ ጓድ መድኃኔ ዛሬማ ጭራሽ አጠርክ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።» አብዱ ራሱ ግን አልሳቀም። «ከዚያ ቀረበ። አየኝ። እሱም አልሳቀም። ምንም አልጻፈም፣ እውነቴን ነው፤ ነገ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ ይምጣ በለው ብቻ ነው ያለኝ። የኔንም ስም ጠየቀ።»

«ነገርከው?»

«ምን ላድርግ? ሰዓቱን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ያውቀኛል።»

ወይዘሮ አስካለ ይህን ሁሉ እንዳልሰሙ ሆኑ። አብዱን «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው እስከ በር ሸኙት፤ ጉልበታቸውን ይዘው ተመለሱ። «ሸሚዝህ ሰም ነክቶታል፣ አውልቀው» አሉ። መድኃኔ ከተፈታ ጀምሮ በእናቱ ፊት ሸሚዙን አውልቆ አያውቅም። ዛሬ ቁልፉን ፈታ፤ ካናቴራውን ራሳቸው እናቱ ገፈፉለት፤ ክንዶቹ ስለማይነሡ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆመ። ከኋላው የእናቱ ትንፋሽ አንዴ ሲቆም ሰማ።  ከዚያ ጥፍራቸው ጀርባው ላይ አረፈና ሰሙን መላጥ ጀመሩ፣ ከወገቡ ወደ ላይ፣ ጠባሳና ሰም በተደበላለቁበት ቦታ ቀስ እያሉ፣ የቱ ሰም የቱ ቆዳ እንደሆነ በጣታቸው እየለዩ።

«ያምሃል?»

«አይሰማኝም።»

የላጡትን በግራ መዳፋቸው ያጠራቅማሉ። መዳፋቸው ሲሞላ ዘግተው አሞቁት። ከመሶቡ ላይ እንዝርታቸውን አንሥተው ክር ሳቡ፤ ጣታቸውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ደረደሩና በጥርሳቸው በጠሱት። ሰሙን በክሩ ላይ በሁለት መዳፋቸው መካከል አድበለበሉት። ትንሽ ጧፍ ሆነ፤ የገላ ሽታ ያለው፣ ቡናማ። በመስኮቱ ብርሃን አዩትና ዳዊታቸው ውስጥ፣ ረጅሙ ክር በነበረበት ገጽ ላይ አስቀመጡት።

«ይቺ ለነገ ናት» አሉ።

መድኃኔ ሸሚዙን ለመልበስ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

«ቆይ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ «ገና ቀርቷል።» መዳፋቸውን መልሰው ጀርባው ላይ አሳረፉ።